ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ቤት ከመግባቱ በፊት

ስምንት ሳምንት የሞላው የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ከ5 እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን፣ በክንድ የሚታቀፍ እንስሳ ነው። ወንዱ ዓመት ሲሞላው 30 ኪሎ ያልፋል፤ ሙሉ ሰውነቱን ሲይዝ እስከ 40 ይደርሳል። የሰው ልጅ ሃያ ዓመት ገደማ የሚፈጅበትን እድገት እሱ በዓመት ከመንፈቅ ይጨርሰዋል። ቡችላ የሚገዛ ሰው ግን ይህም ፍጥነት አይበቃውም። ቶሎ እንዲገዝፍ፣ ጆሮው ቶሎ እንዲቆም፣ ቶሎ ኃይለኛ እንዲሆን ይፈልጋል። በትልልቅ ዘሮች ላይ ሰው በገዛ እጁ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሦስት ችኮላዎች የሚመነጭ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በአዲስ አበባና በመሰል ከተሞች ግቢ ውስጥ ለሚያሳድግ ሰው ነው፤ ለሮትዋይለር፣ ለቦርቦልና ለካውካሲያን ሸፐርድም ይሠራል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ቡችላው በሁለት ወሩ በቀን ሩብ ኪሎ ገደማ፣ በስድስት ወሩ ደግሞ 400 ግራም ገደማ ደረቅ የውሻ ምግብ ይበላል። ከሁለተኛው ወር እስከ ዓመቱ ያለው ሲደመር ከ100 ኪሎ ይበልጣል። የአንዱን ከረጢት ዋጋ ጠይቁና አባዙት፤ በላዩ ላይ ሦስት አራት ዙር ክትባትና በየወሩ የትል መድኃኒት ጨምሩበት። ቁጥሩ ካስደነገጠ የሀበሻ ውሻ መውሰድ አያሳፍርም። ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ እድገቱም እንደ ትልልቆቹ ዘሮች በቀላሉ አይበላሽም፣ ሌሊት ሲጮኽ ደግሞ ለሌባው ያው ውሻ ነው።

አፉን ከፍቶ ማየት

ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ሻጭ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ካለ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ። የወተት ጥርስ በጠቅላላው 28 ነው። የፊት ጥርሶቹና ክራንቻዎቹ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ይወጣሉ፤ የጎኖቹ እስከ 8ኛው ሳምንት ይሟላሉ። ከክራንቻው ኋላ ያለው ድድ ገና ባዶ ከሆነ የሚሸጥላችሁ የአንድ ወር ልጅ ነው። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ቡችሎች እርስ በርስ እየተናከሱ ምን ያህል ሲነክሱ ሌላውን እንደሚያሳምሙ ይማራሉ። ያለ ጊዜው የተለየ ቡችላ ይህን ትምህርት አላገኘምና ጨዋታና ንክሻን ለመለየት ይቸገራል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት የቤቱ ልጆች ናቸው።

እናቲቱን ሳታዩ አትግዙ። በዚህ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። የወላጆቹን የዳሌ ራጅ የሚያሳይ ሻጭ ማግኘት ግን እዚህ አገር ይከብዳል። ስለዚህ ከተኛችበት ስትነሣ ተመልከቱ። በፊት እግሮቿ ራሷን እየጎተተች የምትነሣ ከሆነ፣ ወይም ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን አጣምራ እንደ ጥንቸል የምትዘል ከሆነ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

«ተከትቧል» ማለት ምን ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አንድ መርፌ ተወግቷል ማለት ነው። አንድ መርፌ ደግሞ አስተማማኝ አይደለም፤ ምክንያቱ እንገሩ ነው። ቡችላ እንደተወለደ ከእንገሩ ጋር የእናቱን በሽታ የመከላከል አቅም ይጠጣል። ይህ ውርስ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የሚሰጠውንም ክትባት እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። ውርሱ በአንዱ ቡችላ በ8 ሳምንት፣ በሌላው በ14 ሳምንት ያልቃል። መቼ እንዳለቀ በዓይን ስለማይታወቅ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ሁለተኛውን ወስዶ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈልገው ግን 16ኛው ሳምንት ላይ የሚሰጠው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል።

ደብተሩን ስታዩ ቀን ብቻ አትዩ። ከብልቃጡ ላይ የተላጠችው፣ የክትባቱ ስምና የምርት ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ትገኛለች ወይ? ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋበት ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ የሰነበተ ክትባት መልኩን አይቀይርም፤ የሚወጋውም ሰው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቡችላውን ከመውሰዳችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ ክትባቱን በምን እንደሚያቆዩት ሳታፍሩ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በዋነኛነት ለፓርቮ ነው። በሽታው ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ያልታከመ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ቫይረሱ ከሰገራ ወጥቶ አፈር ላይ ከዓመት በላይ ይቆያል። በግቢያችሁ ባለፈው ዓመት ቡችላ በዚህ ዓይነት ተቅማጥ ከሞተ፣ አዲሱ ሊገባ የሚገባው ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ሊጸዳ ይችላል። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ቆሻሻው ይወገዳል፤ ከዚያ 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና አንድ ሲኒ በ30 ሲኒ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። አፈርን ግን በበረኪና ማጽዳት አይቻልም።

ጆሮና ካልሲየም

የጀርመን ሸፐርድ ጆሮ ከ2 ወር እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል። በ4 እና በ6 ወር መካከል ጥርሱን ሲቀይር የቆመው ጆሮ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ባለቤቱ የሚደናገጠው ያኔ ነው፤ ጎረቤትም «ካልሲየም ስጠው» ይላል። ጆሮ ልምአጥንት እንጂ አጥንት አይደለም፤ ካልሲየም አያቆመውም። የሚጎዳው ግን እግሩን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያደገ ውሻ ከምግቡ የሚያስፈልገውን ያህል ካልሲየም ወስዶ ትርፉን በሰገራ ያስወጣል። ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ ግን ይህ መቆጣጠሪያ ገና አልጠነከረለትም፤ አንጀቱ የቀረበለትን ግማሽ ያህል፣ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም፣ ወደ ደሙ ያስገባል። ትርፉ የረዣዥም አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልምአጥንት በወጉ ወደ አጥንት እንዳይለወጥ ያደርጋል። ውጤቱ የተጣመመ የፊት እግር፣ በትከሻና በክርን መገጣጠሚያ ውስጥ የሚላጥ ልምአጥንት፣ በስድስትና በሰባት ወሩ የሚጀምር ማነከስ ነው። በኔዘርላንድ የዩትረክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ አሳይተዋል።

ተቃራኒውም ይጎዳል። ሥጋና ሩዝ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ያጥረዋል፤ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ስለሚበደር አጥንቱ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። በላይም በታችም ገደል ስላለ ቢያንስ እስከ ዓመቱ ድረስ ለትልልቅ ዘር ቡችላ ተብሎ የተመጠነ ምግብ መስጠት ይሻላል። ከረጢቱ ላይ «ላርጅ ብሪድ ፓፒ» የሚል ይፈለግ፤ ካልሲየሙ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ1.8 በመቶ ከበለጠ ግን አይገዛም። እንዲህ ያለ ምግብ የሚበላ ቡችላ ላይ የካልሲየም እንክብል፣ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ወይም የአጥንት ዱቄት መጨመር የተመጠነውን ማፍረስ ነው። ከቤት የሚጨመር ቅቅል ሥጋ ወይም እንቁላል ከዕለቱ ምግብ ከአሥር አንዱን እጅ አይለፍ። ሙሉ በሙሉ ከቤት መመገብ የሚፈልግ ሰው የእንስሳት ሐኪም በግራም አስልቶ ይስጠው፤ በግምት የሚሆን አይደለም።

መጠኑም እንደ ዓይነቱ ነው። ወፍራም ቡችላ የጤና ምልክት የሚመስለው ለሰው ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ48 ላብራዶሮች ላይ በተደረገ የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ከወንድሞቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ያገኙት የዳሌ ችግራቸው ቀነሰ፣ ዕድሜያቸውም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ረዘመ። መለኪያው በእጃችሁ አለ። እጃችሁን ዘርግታችሁ በሌላኛው እጅ ጣቶች ጀርባውን ዳብሱ፤ ከስስ ቆዳ በታች አጥንቱ ይታወቃል። የቡችላው የጎን አጥንት እንደዚያ ሊሰማችሁ ይገባል። እንደ መዳፋችሁ ከለሰለሰ ወፍሯል፤ እንደ ጭብጥ እጅ ጉጥ ጉጡ ከሾለ ከስቷል።

ከማድቤት የሚወጣው

ትራፊ እንጀራ በወጥ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ እንጀራው ሳይሆን ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ ተቁላልቶ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የሀበሻ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ ድዱ እየነጣ፣ ሽንቱ እየጠቆረ ይመጣል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የቡና አተላም መርዝ ናቸው። የዶሮ ወጥ አጥንት ተቀቅሎ ስለሚሰባበር አንጀት ይወጋል። የላም ወተት ቡችላን ያስቀምጠዋል፤ ውሃ ይበቃዋል።

የጾምና የፍስክ ወቅት በውሻው ላይም ይደርሳል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ትራፊ ብቻ የሚበላ ቡችላ ሽሮና ጎመን ላይ ይከርማል፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ስብና አጥንት በአንዴ ይወርድበታል። በመጀመሪያው ጡንቻው ይቀንሳል፣ በሁለተኛው ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ቡችላው የሚመጣው በጾም ከሆነ ምግቡ አስቀድሞ ይገዛ።

በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ከሁሉ የከፋው ነው። በሳንባው ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ወጥቶ በእጅ ወይም በአትክልት ወደ ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፣ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። የታረደበት ቀን ውሻው ታስሮ ይዋል፤ የተበላሸው ሳንባና ጉበት ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ቡችሎች ገና ከመወለዳቸው ከእናታቸው ትል ይወርሳሉ። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ ጠግቦ ሳይሆን ትል ይዞት ሊሆን ይችላል። የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ15 ቀኑ፣ ከ2 ወር በኋላ እስከ 6 ወር በየወሩ፣ በኪሎው ልክ ይሰጣል። ለመዥገርና ለቁንጫ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ቀንሳችሁ አትጠቀሙ፤ የከብት አይቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ። አንዳንድ ጀርመን ሸፐርዶች መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚያግደው አጥር በተፈጥሮ የላላባቸው ናቸው፤ ለከብት የሚበቃው መጠን እነሱን ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላልም።

ግቢው

ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ተንበርክካችሁ ግቢውን ዙሩ። ከዋናው በር ስር ያለው ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቡችላው ይወጣበታል፤ ጣውላ ይመታበት። ክዳን የሌለው የውሃ ጉድጓድና የፍሳሽ ቦይ ይከደን። የአይጥ መርዝ ካለ ተለቅሞ ይወገድ፤ መርዙን የበላችውን አይጥ መብላትም አደጋ አለው። ጉሎ፣ አጠፋሪስና እንዶድ ከበቀሉ ይነቀሉ፤ በተለይ የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ በጣም አደገኛ ነው።

የውሻ ቤቱ በቡችላው ልክ አይሠራም፤ ያደገ ወንድ ትከሻው ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ውስጡ 120 በ80፣ ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቆሞ ይዞርበታል፣ ተዘርግቶም ይተኛል። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቆርቆሮ ብቻውን ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ስለሚሆን ከውስጥ በጣውላ ይለበጥ። በሩ ከመሃል ሳይሆን ከአንድ ጥግ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ይውጣ። ጣሪያው ተነቃይ ከሆነ ለማጽዳት ይመቻል። ይህን ሁሉ ሠርታችሁም ቡችላውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ብቻውን አታሳድሩት፤ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሁለት ወር ቡችላ ይከብዳል።

ቤት ውስጥ የሚያሰጋው የሚያንሸራትት ሴራሚክና ደረጃ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በትልልቅ ዘሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 3 ወር ሳይሞላቸው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ያደጉ ቡችሎች የዳሌ ችግራቸው እንደሚበዛ፣ በለሰለሰ መሬት ላይ በነጻነት የተጫወቱት ደግሞ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ እስከ ሦስት ወሩ አቅፋችሁት ውጡ፤ የሚተኛበትና የሚበላበት ቦታ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉ። ዓመት እስኪያልፈው ከመኪና ጎን ማስሮጥ፣ ከፍ ካለ ቦታ ማዘለል የለም።

ኃይለኛ ወይስ ጠባቂ?

«ሰው አያሳዩት፣ ቀን ይታሰር፣ ኃይለኛ ይሆናል» የሚለው ምክር ፈሪ ውሻ ያፈራል። ቡችላ ዓለም ምን እንደምትመስል የሚመዘግበው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ያላየውን ነገር በኋላ ሲያየው እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። ፈሪ ውሻ ሌባና እንግዳን አይለይም፤ የሚነክሰው የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን፣ የጎረቤት ልጅን፣ አንዳንዴም ምግቡን የምታቀርብለትን የቤት ሠራተኛ ነው። የጠባቂነት ጠባይ በዘሩ ውስጥ አለ፤ ከዓመት በኋላ እየበሰለ ራሱ ይመጣል። ማስተማር የሚያስፈልገው የማያሰጋውን ነገር ነው።

ስለዚህ ዝርዝር ጻፉ፦ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ካፖርት የደረበ ዘበኛ፣ ከዘራ፣ ባጃጅ፣ ጄኔሬተር፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ። ክትባቱን ስላልጨረሰ መንገድ ላይ አይለቀቅም፤ የባዘኑ ውሾች የረገጡት መሬት የፓርቮ መሬት ነው። ግን ታቅፎ ሊወጣ፣ ከመኪና መስኮት ሊያይ፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ ከእጃቸው ጥቂት ፍሬ ምግብ ሊበላ ይችላል። ከፈራ አትጎትቱት፤ ራቅ አድርጋችሁ እንዲያይ ተዉት።

ለቤተሰቡም አንድ ነገር ይነገር። ውሻ፣ የራስም ቢሆን፣ ክትባቱን ሳይጨርስ ቢነክስ ወይም ጥርሱ ቆዳ ቢልጥ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ቀኑ ጠዋት ይሁን፣ ቤት ውስጥ ሰው የሚውልበት። ቡችላው ከመጓዙ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ባይበላ ይመረጣል፤ በመኪና ያስመልሳል። ከሻጩ ሁለት ነገር ተቀበሉ። አንዱ ይበላው ከነበረው ምግብ የሳምንት ያህል፣ ሌላው የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ ነው። ምግቡ በአንድ ቀን ከተቀየረ ተቅማጥ ይመጣል፣ እናንተም ፓርቮ ነው ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አዲሱን እየጨመራችሁ አሮጌውን ቀንሱ። እስከ 4 ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ 6 ወሩ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይበላል። የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን። እመቤቲቱም፣ ዘበኛውም፣ ልጆቹም «ትንሽ» ከሰጡት በቀን ስድስት ጊዜ በላ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለቅሳል። ካርቶኑን ወይም ሳጥኑን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት፤ እጃችሁን ሲያሸት ዝም ይላል። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከበላና ከተጫወተ በኋላ ወዲያው ወደ አንድ ቦታ ይወሰድ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሦስት ሰዓት በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ሌሊትም አንድ ሁለት ጊዜ መነሣት አለ። ምንጣፍ ላይ ካመለጠው አፍንጫውን ማስነካት የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው።

በገባ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሐኪሙ ይየው፣ ይመዘንም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቤት መመዘን ትችላላችሁ። አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ብቻችሁን ደግማችሁ ቁሙ፣ ቀንሱት። እስከ አራት ወሩ በሳምንት ወደ 1 ኪሎ መጨመር ለጀርመን ሸፐርድ በቂ ነው። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከዚያ በጣም ካለፈና የጎን አጥንቱ ከጠፋባችሁ፣ ከዕለቱ ምግብ አሥረኛውን እጅ ቀንሱ።